የተማም ግራ እግር

ጋራዤን ከመዝጋቴ በፊት የገባው የመጨረሻው መኪና ፍሪሲዮን አልነበረውም። በባትሪ የሚሄድ ነጭ መኪና ነው። ባለቤቱ ወጣት ነጋዴ ነው፤ "ጋሽ ግርማ፣ ስጠመዝዘው የሆነ ሳውንድ አለው፣ ቼክ ያድርጉልኝ" አለኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄ ማርሽ ፈለገ፣ ግራ እግሬ ፔዳል ፈለገ። እጄ አየር ጨበጠ፤ እግሬ ወለሉን መታ። ወጣቱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ድምፁ ከፊት እግር አካባቢ የላላ ቡሎን ነበር፤ አጠበቅኩለትና ሄደ። በዚያው ሳምንት ጉልበቴም በቃኝ ስላለ ቁልፎቼን ጠራርጌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩ።

አርባ ዓመት ግድም ጅማና አካባቢዋ ላይ መኪና ጠግኛለሁ። ሰው እንደሚያስበው ስተወው አልከፋኝም። የምጽፈው ስለ ፍሪሲዮን ብቻ ነው፤ ሌላውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገረው። በድሮ መኪና ሹፌሩ ግራውን ፔዳል፣ የፍሪሲዮኑን፣ ሲረግጥ ከፔዳሉ ጀርባ ያለው የላይኛው ፓምፕ ዘይት ይገፋል። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ጎን ያለውን የታችኛውን ፓምፕ ይገፋል፤ እሱ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ሸራ ከሞተሩ ያላቅቀዋል። ሹፌሩ ማርሽ ቀይሮ ፔዳሉን ሲለቅ ዘይቱ ወደ ላይ ይመለሳል፣ ሸራውም ሞተሩን መልሶ ይይዛል። በፓምፖቹ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ጎሚኒ የምንለው፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል የላስቲክ ቆብ ናት። ሰው ስለ ሞተር ያወራል፤ እኔን የጎዳችኝ ይህች ላስቲክ ናት።

አባቴ ከወሊሶ መጥቶ ጅማ፣ አወቱ መንደራ የሰፈረ ልብስ ሰፊ ነበር። መርፌ እንደማይሆንልኝ ሲያውቅ ከሱቁ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ላለው ለሐጂ ነጂብ ጋራዥ ሰጠኝ። ሐጂ የጅማ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ይናገራሉ፣ ሁለቱንም በቁጠባ። ደመወዜ መጀመሪያ ምሳ ነበር፣ ቆይቶ ምሳና ትንሽ ገንዘብ ሆነ። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ሐጂ የፍሪሲዮን መኪና ሲመጣላቸው ቁልፍ አያነሱም። ቦኔትም አይከፍቱም። ግራ ጫማቸውንና ካልሲያቸውን አውልቀው ሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጡና ፔዳሉን በባዶ እግራቸው ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ይረግጡታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ለሶላት በቀን አምስቴ የሚታጠብ እግር ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ከእሱ የጸዳ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ።

"ምን ያስቅሃል?" አሉኝ። "ጫማ ለብሰህ ብትረግጥ የምትሰማው ጫማህን ነው።"

ቀስ እያለ ገባኝ። የመጀመሪያው ርግጫ ለስላሳ ሆኖ ወደ ወለሉ ከወረደ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ከጠነከረ፣ ዘይቱ ውስጥ አየር አለ። ረግጠህ ስትይዘው በእግርህ ሥር ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ጎሚኒዋ ዘይት በውስጥ ታሳልፋለች፤ በውጭ ጠብታ አታይም። ፔዳሉ ሥር ያለው ምንጣፍ ከረጠበ ጥፋቱ የላይኛው ፓምፕ ነው። ፔዳሉ ደህና ሆኖ ማርሽ እየጮኸ ከገባ ግን ሌላ ሰው ያስረግጡና ራሳቸው መኪናው ሥር ተንጋለው፣ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ ምን ያህል እንደሚገፋ በጣታቸው ይለኩታል። "የጣት አንጓ ያህል ሳይገፋ ካምቢዮ አታውርድ" ይሉ ነበር። ካምቢዮ ማውረድ የሙሉ ቀን ሥራ ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደለም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የፓምፕ ሆድና ጎሚኒ የሚያጥቡት በአዲስ የፍሬን ዘይት ብቻ ነው፣ ጆሮዋ በተሰበረ ስኒ ትንሽ ቀድተው። ሌሎች ጋራዦች በጠንካራ አረቄ ያጥባሉ፤ እውነቱን ለመናገር አረቄ ጥሩ ነው፣ ቆሻሻውን ያነሳል፣ ላስቲኩንም አይጎዳም። ሐጂ ግን አረቄ ከጋራዡ ደጃፍ አያሳልፉም። ምክንያቱን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ግልጽ ነው።

ጥፋቴ የተፈጠረው በቡና ለቀማ ወራት ነው። ያኔ ሠላሳ ሊሞላኝ ነበር፣ ጋራዡንም ሐጂ ሲወጡ ለእኔ ትተውት ይሄዳሉ። እህታቸው ሰርቦ አርፋ ለለቅሶ እንደሄዱ፣ አቶ ለማ የሚባል ቡና ነጋዴ አሮጌ ፒካፑን አስገባ። ከደዶ ገበሬዎች እሸት ቡና እየሰበሰበ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያመላልስበት መኪና ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል፤ ከቦካ በኋላ የሚፈልገው የለም።

"ዛሬ ካልወጣች ነገ በምን ልጫን?" አለኝ።

"ትወጣለች" አልኩት።

የላይኛው ፓምፕ ያፈስ ነበር። አቶ ለማ አዲስ ጎሚኒ ገዝቶ ሰጠኝ። ችግሩ የፍሬን ዘይት በከተማው ጠፍቷል፤ ያለችን ግማሽ ቆርቆሮ ለመሙያ እንጂ ለማጠቢያ አትተርፍም። ከመንገዱ ማዶ አረቄ የምትሸጥ ሴት አለች፣ አንድ መለኪያ ይበቃኝ ነበር። ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ተቀመጥኩ። ሐጂ ሰርቦ ናቸው፤ አፍንጫቸው ግን ጋራዡ ውስጥ የቀረ መሰለኝ። ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን ቢሸት ማን ይጠይቃል? ፓምፑንም ጎሚኒዎቹንም ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ምሳ ልበላ ሄድኩ። ስመለስ ጎሚኒዋ ጠበቅ ብላ ገባች። አዲስ ስለሆነች ነው ብዬ ደስ አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚሉት ነው፣ እኔ ግን አፍስሼ ሌላ ሰው አስለቀምኩ።

ሌላው ሰው ሹፌሩ ተማም ነው። የደዶ ልጅ ነው፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ይበልጣል። በስድስት ዓመት ያቺ ፒካፕ ላይ አንድ ሸራ ብቻ ነው የቀየረው፤ ሌላው ሹፌር በዓመት አንድ ይበላል። በአምስተኛው ቀን እሸት ቡና ጭኖ ዳገት ሲወጣ መኪናው ቆመበት። ጭነቱ መንገድ ላይ አደረና ቦካ። በማግስቱ ጎትተው አመጡልኝ።

"ዳገቱ መሀል ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም" አለኝ ተማም። "ከዚያ የሚነድ ነገር ሸተተኝ። አቁሜ ሳቀዘቅዘው ይሄዳል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይቆማል።"

ሲቀዘቅዝ ይሄዳል ያላትን ቃል ሐጂ ቢሰሟት ኖሮ ወዲያው ጫማቸውን ያወልቁ ነበር። እኔ ካምቢዮ ማውረድ ጀመርኩ። ሸራው ወጣ፤ ጥቁር ሆኗል፣ ተቃጥሎ ጠርዙ ይፈረፈራል። እንዲህ የሚሆነው ሹፌር እግሩን ፔዳሉ ላይ አስተኝቶ ሲነዳ ነው። ፔዳሉ በትንሹ ይረገጣል፣ ሸራው አጥብቆ አይይዝም፣ ይንሸራተታል፣ ይነድዳል። ሁሉም መካኒክ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ከአቶ ለማ ፊት ጠየቅኩት።

"እግርህን ፔዳሉ ላይ ታስተኛለህ?"

"አላስተኛም።"

"ታዲያ ይሄ በምን ነደደ?"

"ወላሂ አላስተኛም" አለ። "ወላሂ።"

ሸራውን ሰጠሁት። ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ ቁልቁል ግራ እግሩን አየ፣ የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ። አቶ ለማ እጁን ዘረጋ፤ ተማም ቁልፉን አስረክቦ ከጋራዡ ወጣ። በዚያ የሥራ ወራት "ፍሪሲዮን በላ" ተብሎ የተባረረ ሹፌር ጅማ ላይ መኪና የሚሰጠው ሰው እንደማያገኝ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በትክክል ስለፈረድኩ ኮራሁ።

አዲስ ሸራ ገብቶ፣ አዲስ ሹፌር ተቀጥሮ፣ በሦስተኛው ቀን መኪናው ያው ዳገት ላይ ቆመ። ተጎትቶ ሲመጣ ሐጂ ተመልሰዋል። ሞተሩ ገና ትኩስ ነው። ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ፣ ረገጡ። ሁለተኛውን አልረገጡትም።

"ማል ታኤ?" አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። "ይሄ ፔዳል ገና ከአናቱ ድንጋይ ነው። ዘይቱ አይመለስም።"

ትንሿን ቁልፍ ይዘው መኪናው ሥር ተንጋለሉና የታችኛውን ፓምፕ የአየር መልቀቂያ ግማሽ ዙር ፈቱት። ፔዳሉን ማንም አልረገጠም። ዘይቱ ግን ተፈናጥሮ ክንዳቸውን መታው። መልሰው አጥብቀው አዲሱን ሹፌር "አሁን ንዳው" አሉት። መኪናው ያለ አንዳች ማጉረምረም ያዘና ሄደ።

የላይኛውን ፓምፕ ራሳቸው ፈቱት። የእኔን ጎሚኒ በመዳፋቸው አስቀምጠው ጎኗ ሌላ አዲስ አደረጉ። የእኔዋ አብጣለች። በፓምፑ ሆድ ዘይት የሚመለስባት እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበች ቀዳዳ አለች፤ ያበጠችው ላስቲክ እሷን ሸፍናለች። ዘይቱ ሲሞቅ ይሰፋል፣ መመለሻ ያጣል፣ ወደ ታች ገፍቶ ሸራውን ያላላል። ፔዳሉ ላይ የማይታይ እግር ያስተኛሁት እኔ ነኝ ማለት ነው።

"በምን አጠብከው?" አሉኝ ሐጂ።

"በቤንዚን።"

"ለምን? ማዶ አረቄ አልነበረም?"

ይህን ከእሳቸው አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም። "እርስዎን ፈርቼ ነው፣ ሐጂ" አልኩ።

ያበጠችውን ጎሚኒ በጣታቸው ጫን አደረጓት። "እኔ ለአላህ ብዬ የተውኩትን አንተ ለእኔ ብለህ ተውከው" አሉ። "ላስቲኩ ግን እኔንም አንተንም አያውቅም።" ጎሚኒዋን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። "ለለማ እኔ እነግረዋለሁ። ለሹፌሩ የምትነግረው አንተ ነህ።"

አቶ ለማ ሲነገረው አመሰገነ፤ ቦታው ግን ለእህቱ ልጅ ተሰጥቷል፣ ያለፈው አለፈ አለ። እኔ መናኸሪያ ሄጄ አንድ ጊዜ ጠየቅኩ። ተማም ወደ በደሌ ሄዷል አሉኝ። በደሌ ሩቅ አይደለም፣ መኪናም በየቀኑ አለ። አልሄድኩም። መሄዱን ስሰማ ቀለል እንዳለኝ እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልተናገርኩትም።

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ይጠይቁኛል። "የደዶውን ልጅ አገኘኸው?"

"አላገኘሁትም፣ ሐጂ።"

"ኢንሻአላህ ታገኘዋለህ።"

ውሸት አልነበረም፤ አላገኘሁትም። ያልፈለጉት ሰው አይገኝም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን በዓመቱ ነቅዟል። አንድ የቡና እርሻ መካኒክ ሲፈልግ ፈጥኜ የሄድኩት ለደመወዙ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያች የጁምዓ ጥያቄም ሽሽት ነበር።

እርሻው ላይ ስምንት ዓመት ቆየሁ። አለቃዬ ወረቀት የሚወድ ሰው ነበር፤ አንድ የቡሎን ዳዶ ከመጋዘን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል። ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አንድ ሥራ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት መኪና ማርሽ አልገባ አላቸው። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ አየር የለም፣ ጎሚኒው ደህና ነው። የሦስቱም ካምቢዮ ሊወርድ ተዘጋጅቶ ሳለ ሐጂ ትዝ አሉኝና ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ፔዳሉ ወርዶ ሳይጨርስ ከለስላሳ ነገር ጋር ተጋጨ። ምንጣፉን ባነሳው፣ ሥሩ አራት እጥፍ የቡና ጆንያ አለ። አለቃዬ የመኪና ወለል ከጭቃ እንዲጠበቅ ብሎ በደብዳቤ አዟል። ጆንያው ሲወጣ ሦስቱም መኪኖች ተነስተው ሄዱ። ወለሉ ላይ ጆንያ እንዳይነጠፍ የሚል ሌላ ደብዳቤ ወጣ። ሥራዬን ያን ቀን ወደድኩት።

ሐጂ ሲታመሙ ጅማ ወርጄ ጠየቅኳቸው። በጣም ከስተዋል። እጄን ያዙ።

"የደዶውን ልጅ አገኘኸው?"

"አላገኘሁትም፣ ሐጂ።"

ያን ጊዜ ኢንሻአላህ አላሉኝም። በወሩ ሞቱ። እኔም የእርሻውን ሥራ ትቼ አወቱ መንደራ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ጆሮ የሌላትን ስኒ ልጆቻቸው ሰጡኝ፤ እስከ መጨረሻው በእሷ ነው ያጠብኩት። ጋራዡ ጥሩ ሠራ። ስለ እሱ ብዙ የሚወራ ነገር የለም።

ዘንድሮ፣ ጋራዡን ከዘጋሁ በኋላ፣ የቁልፍ ሳጥኔን የሚገዛ መካኒክ ሰርቦ ተገኘ። በሚኒባስ ልወስድለት ጋቢና ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ አሮጌ ነው፣ ፔዳሉ ሦስት። ልማድ ሆኖብኝ ፊቱን ሳላይ የሹፌሩን እግር አየሁ። ማርሽ ይቀይራል፣ ፔዳሉን ይለቃል፣ ወዲያው ግራ እግሩን ወደ ኋላ ስቦ ወንበሩ ሥር ይከተዋል። ለሚቀጥለው ማርሽ ያወጣዋል፣ መልሶ ይከተዋል። እንዲህ የሚነዳ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም፤ ጉልበት የሚያደክም አነዳድ ነው። ጢሙ የሸበተ ሰው ነው።

"እግርዎን ለምን ወደ ኋላ ይሰበስቡታል?" አልኩት።

"ክፉ እግር ነው" አለ መንገዱን እያየ። "ድሮ የሰው ፍሪሲዮን አቃጥሎብኛል። እኔ ሳላውቀው ፔዳሉ ላይ ይተኛ ነበር። መካኒኩ ነው ያሳየኝ።"

ያኔ ፊቱን አየሁት። እስከ ሰርቦ የቀረው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው፤ አሥሩንም ግራ እግሩን እያየሁ ጨረስኩ። ተሳፋሪው ወርዶ አለቀ፣ ገዢውም መጥቶ ሳጥኑን ተቀበለኝ። እኔ ከጋቢናው አልወረድኩም።

"ተማም" አልኩ። "ግርማ ነኝ። የሐጂ ነጂብ ጋራዥ።"

ፊቱ በራ። "ኦቦ ግርማ። አካም ጅርታ?" ደህና ነህ ወይ እያለ እጄን በሁለት እጁ ያዘው። "ከዚያ ወዲህ በእጄ አንድ ሸራ አልተቃጠለም። በአንተ ነው። መናኸሪያ ውስጥ ላሉት ሹፌሮች ሁሉ ነው የማስተምረው፣ እግራችሁን አትመኑት እላቸዋለሁ።"

እጄን ቀስ ብዬ አወጣሁ። "እግርህ አልነበረም" አልኩት። ነገርኩት። ስለ ጎሚኒዋ፣ ስለ ቤንዚኑ፣ ስለ መመለሻ ቀዳዳዋ፤ አረቄ መግዛት ለምን እንደፈራሁም ሳይቀር።

"ሲቀዘቅዝ ይሄድ የነበረው ለዚያ ነው?" አለ።

"ለዚያ ነው።"

"ነግሬህ ነበር።"

"ነግረኸኝ ነበር።"

መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። "ያን ቀን ወላሂ ብዬ ነበር" አለ።

"ሰምቻለሁ።"

"ሸራውን ሳየው በአላህ ስም በሐሰት የማልኩ መሰለኝ። ሦስት ቀን ጾምኩ። ከዚያ ወዲህ ምዬ አላውቅም። ሰው ማልልኝ ሲለኝ የእኔ መሐላ አይያዝም እለዋለሁ። ከጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልተን ሽማግሌ ፊት ማል ተባልኩ፤ አልምልም ብዬ መሬቱን ለቀቅኩ።" ዞሮ አየኝ። "እንግዲህ መሐላዬ እውነት ነበር?"

"እውነት ነበር።"

"አልሀምዱሊላህ" አለ ቀስ ብሎ። ሥራውንም፣ በደሌንም አላነሳም፤ መሬቱንም አልደገመው። "ሐጂ ያውቁ ነበር?"

"ያውቁ ነበር። ንገረው ብለው እስኪሞቱ ጠይቀውኛል።"

"ለምን ሳትነግረኝ ቆየህ?"

"አፍሬ ነው። አፉ በለኝ፣ ተማም።"

"ዛሬ አልችልም" አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "የጁምዓ ለት መናኸሪያ ና፤ ያኔ ጠይቀኝ።"

ሚኒባሱ ወደ ጅማ የሚሄድ ሰው ሞልቶ ተነሳን። ተማም ፔዳሉን ረግጦ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ለቀቀው፣ ግራ እግሩም ወደ ወንበሩ ሥር ሄደ። ቁልቁል አየው። በእጁ ጉልበቱን ይዞ እግሩን አወጣና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ሁለተኛ አስገባ። ሦስተኛ አስገባ። የሰርቦ ቤቶች ሳያልቁ እግሩ ተመልሶ ወንበሩ ሥር ገብቶ ነበር።